ጀርባው የተፋቀ ዛጎል

መምህር ሽፈራው ማረፉን የሰማሁት አማን ከተማ፣ ፀጉር አስተካካይ ቤት፣ ግማሽ ጢሜ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ ውስጥ እንዳለ ነው። አስተካካዩ ምላጩን በፎጣ እየጠረገ፣ የሰፈር ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣ «ቀንድ አውጣ ሞተ አሉ እኮ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ቴፒ ይቀበራል» አለኝ። ከወንበሩ ብድግ አልኩና «ሰውየው ስም አለው!» ብዬ ጮኽኩበት። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ሁለት ሰዎች አቀረቀሩ። አስተካካዩ የድሮ ተማሪው ነው፤ በክፋት አልተናገረም። ሚዛንና አማን ውስጥ ከእሱ የተማረ ሁሉ በዚያ ስም ነው የሚያነሣው። ትከሻዬን ይዞ መልሶ አስቀመጠኝና «ጋሽ ደምሴ፣ በግማሽ ጢም ቀብር አይኬድም» አለኝ። ሁለተኛውን ጉንጬን ላጭቶ ሲጨርስ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። ያኔ እሱም እንዳዘነ ገባኝ።

ከዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ሸኮ ለምትኖረው ለዘሀራ ደወልኩ። ቀድማኝ ሰምታለች። «የቴፒ መኪና በዚህ ነው የሚያልፈው፤ መንገድ ዳር ቆሜ እጠብቅዎታለሁ» አለችኝ። ስለ ዘሀራ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ ያለ እሷ የሽፈራው ነገር አይነገርም።

እኔ ሚዛን፣ ሽፈራው ያስተምርበት በነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ወረቀት መጠበቅ ነው። የተማሪ ውጤት፣ የመምህር የግል ማኅደር፣ የወጣ ደብዳቤ፣ የገባ ደብዳቤ፣ ሁሉም በእኔ ቁልፍ ሥር ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ነበርኩ። ሽፈራው ብዙ ጊዜ በዚህ ነገር ያሾፍብኝ ነበር።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው ከወሎ ተመድቦ የመጣው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የኮቱ ኪስ በጠመኔ የነጣ። አንድ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላና በሲባጎ የታሰረ ካርቶን ይዞ ነበር። ሚዛን ጃንጥላ የማያስፈልግበት ወር ስለሌለ በጃንጥላው አልተገረምንም። በካርቶኑ ግን ተገረምን፤ የቤት ዕቃ ነው ስንል የደረቀ ቅጠል፣ የአንበጣ ክንፍ፣ የወፍ እንቁላል ቅርፊት ሆኖ ተገኘ። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤት ሩብ ሰዓት የሚወስደውን መንገድ እሱ አንድ ሰዓት ይሄደዋል። ቅጠል ይገለብጣል፣ ግንድ ላይ ያጎነብሳል፣ ጭቃ ውስጥ ቁጢጥ ይላል። ቀንድ አውጣ የተባለው በዚህ ነው። ስሙን ያውቅ ነበር፤ አይቆጣም። አንድ ቀን ክፍል ገብቶ «ቀንድ አውጣ ቤቱን ረስቶ ወጥቶ አያውቅም፤ እናንተ ግን ሦስት ደብተር እንኳ ይዞ መምጣት አቅቷችኋል» አላቸው ይባላል።

አነጋገሩ ሰው ያስደነግጣል። በመጣ በሳምንቱ መምህራን ሻይ ወደሚጠጡበት ክፍል ገብቶ፣ ቀኝ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እንደያዘ፣ «ይኼ የማን ወገን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዘመኑ እያንዳንዱ ቅጽ ላይ ብሔረሰብ የሚል መስመር የተጨመረበት፣ ሰው በእንዲህ ያለ ጥያቄ ጆሮውን የሚያቆምበት ጊዜ ነበር። አንዱ የሂሳብ መምህር ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሽፈራው እጁን ሲከፍት ጥቁር ጢንዚዛ ነው። «እናንተንማ አልጠየቅኩም፤ ስለ ራሳችሁ የምታውቁትን ታውቃላችሁ» አለና ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት።

ያችን ጥያቄ ስለ ሁሉም ነገር ይጠይቃታል። መልሱን ደግሞ ከአፍ አይቀበልም። ተማሪ ገና እጁን ሲያወጣ «መጀመሪያ በዐይንህ፣ ኋላ በአፍህ» ይለዋል። በዚህ አባባል ብዙ ተማሪ አሠልጥኗል፤ በዚሁ አባባልም ራሱ ወድቋል። ወደዚያ ልምጣ።

የሥነ ሕይወት ትምህርት ውስጥ ፍጥረትን በየዘሩና በየወገኑ የመመደብ ምዕራፍ አለ። መጽሐፉ ምሳሌ አድርጎ የባሕር ቀንድ አውጣ ያነሣል። እኛ ከባሕር ይህን ያህል ርቀን፣ ሽፈራው ራሱ ባሕር በዐይኑ አይቶ ሳያውቅ፣ ይህን ማስተማር ለማንም ቀልድ ነው። እሱ ግን ገበያ ወጣ። ሚዛን ገበያ ከዶቃውና ከመስተዋቱ ጎን ዛጎል ይሸጣል። ሴቶች አንቀልባ ላይ ይሰፉታል፤ ቅል አንገት ላይ፣ ቀበቶ ላይ ይደረድሩታል። አንድ መቶ ዛጎል ገዝቶ፣ በሻሽ ቋጥሮ መጣ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ በተነውና «ይህ ድንጋይ አይደለም፣ ዐጥንት አይደለም። ይህ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። እናቶቻችሁ በአንቀልባቸው ላይ ባሕር ተሸክመው ነው ያሳደጓችሁ» አላቸው። ልጆቹ ሳቁ። ከሳምንት በኋላ ግን ከየቤታቸው ያልመጣ ዛጎል አልነበረም።

ባዶ የዱቄት ጆንያ ተርትሮ፣ አጥቦ፣ በላዩ ሰንጠረዥ ሣለ። ከላይ የቀንድ አውጣዎች ሁሉ ትልቅ ዘር፣ ከሥሩ የዛጎሎች ቤተሰብ፣ ከዚያ ሥር ወገኑ፣ በመጨረሻ ከወገኑ ሥር እኛ አገር ገበያ የሚመጡት ሁለት ዓይነቶች። አንደኛው በጥንት ዘመን ሰው እንደ ገንዘብ ይገበያይበት የነበረው ነው፤ «የገንዘብ ዛጎል» አለው። ሁለተኛው ጀርባው ላይ የወርቅ መልክ ያለው ክብ መስመር አለበት፤ «ባለ ቀለበት» አለው። «ሁለቱ የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ የምትለዩዋቸው በጀርባ ነው። ቀለበት ካለ ባለ ቀለበት፣ ቀለበት ከሌለ የገንዘብ» ብሎ አስተማረ። መጽሐፉም እንዲሁ ይላል። ከገበያ የገዛቸውን አንድ በአንድ አየ፤ አንዳቸውም ቀለበት የላቸውም። ስለዚህ መቶውም የገንዘብ ዛጎል ነው ብሎ ደመደመ። ይህንን ለዓመታት አስተማረ።

አሁን ዘሀራ ትግባ። ዘሀራ ከጅማ ወገን ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ሚዛን ገበያ ውስጥ ዶቃና ዛጎል እየሸጠች ሁለት ሴት ልጆች ታሳድጋለች። ያኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በማታው ክፍለ ጊዜ ከእኛ ዘንድ አሥረኛ ክፍል ትማር ነበር። የምትፈልገውን ለማንም አትደብቅም፤ አማን ለጤና ረዳትነት የሚያሠለጥኑበት ቦታ ነበር፣ እዚያ መግባት ነው። ባሏ የሞተው በወባ ነው፤ መርፌ የሚወጋ ሰው ጠፍቶ። «እኔ እሆናለሁ መርፌ የሚወጋው ሰው» ትላለች። የሥነ ሕይወት ትምህርት የወደቀ ሰው ግን እዚያ አይመዘገብም።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ ሽፈራው የሚኮራባትን ጥያቄ አወጣ። ስድስት ዛጎሎች በቁጥር አስቀምጦ የእያንዳንዱን ዓይነት ጻፉ አለ። ስድስቱም ቀለበት የላቸውም፤ በእሱ ቤት ስድስቱም የገንዘብ ዛጎል ናቸው። «ወጥመድ ናት» አለኝ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ እጁን እያፋተገ። «የሌለ ልዩነት የሚፈጥር ተማሪ ይያዝበታል።» ተማሪው ሁሉ ስድስቱም አንድ ናቸው ብሎ ጻፈ። አንድ ሰው ብቻ ተያዘ፤ ዘሀራ። ሁለቱ የገንዘብ፣ አራቱ ባለ ቀለበት ብላ ጻፈች። አራት ነጥብ ተቀነሰባት። ድምሯ አርባ ሰባት ሆነ። ማለፊያው ሃምሳ ነው።

ውጤቱ ሰኞ ተለጠፈ፤ የአማኑ ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። ማክሰኞ ጠዋት ዘሀራ መዝገብ ቤት መጣች። ሽፈራው እኔ ጋ ማኅደር ሲያገላብጥ አገኘችው። አላለቀሰችም። አንድ ከረጢት ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠችና ያልተነካ፣ ሙሉ ዛጎል ፈሰሰ። ጀርባቸው ጉብ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፤ ብዙዎቹ ላይ የወርቅ ቀለበት ተሠርቷል።

ሽፈራው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣ። «ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከጅማ ነጋዴ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣልኝ፣ መምህር።»

«እኔ የገዛሁትስ?»

«የሸጥኩልዎ እኔ ነኝ። ፍቄ ነው የሸጥኩልዎ።»

እኔ አልገባኝም ነበር፤ የእሱ ፊት ግን ሲለዋወጥ አየሁ። ዘሀራ አንዱን ባለ ቀለበት መርጣ፣ ወደ ደጃፍ ወጥታ፣ የመዝገብ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጢጥ አለች። ዛጎሉን በጀርባው ሲሚንቶው ላይ አስደግፋ ታሽ ጀመር። ሥራውን የለመደ እጅ ነው፤ ነጭ ዱቄት ከሥሩ ይረግፋል። ትንሽ ቆይታ አንሥታ ሰጠችው። ጀርባው ጠፍቷል፤ በእሱ ቦታ ጠፍጣፋ ቀዳዳ ቀርቷል።

«መርፌ የሚገባው በዚህ ነው» አለችው። «ጀርባው ካልተፋቀ ቆዳ ላይ አይተኛም፣ አይሰፋም። እዚህ አገር ያልተፋቀ የሚገዛኝ የለም። ቀለበቱ የታለ አሁን?»

ሽፈራው ዛጎሉን ወደ ብርሃን አዙሮ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ቀለበት የሌለው ዛጎል አይቶ፣ ቀለበቱ ከመጀመሪያው አልነበረም ብሎ ነው ያስተማረው። አገር ምድሩ ዛጎል እንደሚፍቅ የሚያውቀው አገሬው ነው፤ እሱ ደግሞ በአገሬው መካከል እየኖረ አልጠየቀም። ሌላ መምህር ቢሆን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ይሟገት ነበር። እሱ ያለው ሌላ ነው፦ «ታዲያ ጀርባ ሳይኖር እርስዎ በምን ለዩዋቸው?»

እርስዎ አላት። እስከዚያ ቀን እንደማንኛዋም ተማሪ አንቺ ነበር የሚላት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ አንቺ ብሏት አያውቅም።

«በሆዷ» አለች ዘሀራ። «ይቺ የገንዘቧ ትከሻ አላት፣ ጎርበጥ ጎርበጥ ትላለች። ይቺኛዋ ባለ ቀለበቷ ትከሻ የላትም፣ እንደ እንቁላል ናት። ቀበቶ ስደረድር ሁለቱን ከቀላቀልኩ ይንጋደድብኛል። ወላሂ ሌላ ምስጢር የለውም።»

ከጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ወስዶ ሃያ ዛጎል ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርጎ በላዩ ደረደረ፤ ጀርባቸው እንዳይታይ። ዘሀራ እየነካካች ትናገራለች፣ እሱ ገልብጦ ያያል። አንድም አልተሳሳተችም። አሥራ አምስተኛው ላይ ስትደርስ ቆየችና «ይቺን አላውቃትም» አለች። ገለበጣት፤ ቀለበቷ ግማሹ ደብዝዞ ለእሱም የምታስቸግር ናት። ሽፈራው የዚያን ጊዜ ሳቀ። «ደምሴ፣ አላውቃትም ያሉትን ሰማህ? ያወቀ ሰው እንዲህ ነው።» ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «እኚህን ሴት እኔ ነኝ የጣልኳቸው» አለ።

ዲሬክተሩ ጋ ገባ። ዲሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተጠነቀቀ ሰው ነበር። ውጤቱ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት ወጥቷል። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የቀይ እስክሪብቶም እንደዚያው ነው» አለው። «የገበያ ሴት ነግራኝ ነው ብዬ ነው ውጤት የምለውጠው? ከአንተ በላይ የሚያውቅ ሰው ይጻፍልኝ።» ለዚያውም ሽፈራው በዚያ ዓመት የክረምት ዲግሪ ሊማር ስሙ የገባ ሰው ነው። ለብዙ ዓመት በዲፕሎማ ሲያስተምር ኖሮ የደረሰው ዕድል ነው። ትምህርቱን አሳስቶ አስተምሯል የሚል ደብዳቤ ማኅደሩ ውስጥ ከገባ ዝርዝሩ ሲጣራ እንደሚወድቅ እኔም፣ ዲሬክተሩም፣ እሱም እናውቃለን። ይህን ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለኝና ዛጎሎቹን በሻሽ መቋጠር ቀጠለ።

ያን ጊዜ የሚዛንና የጅማ መንገድ ክረምት ሲገባ መንገድ ማለት ይከብዳል። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ በተገኘው የጭነት መኪና ተሳፍሮ ወደ ጅማ ሄደ። ረቡዕ ወሬ የለም። ሐሙስ ወሬ የለም። ሐሙስ ማታ ዘሀራ ሱቋን ዘግታ ወደ እኔ ቤት መጥታ «ቢቀርስ፣ ጋሽ ደምሴ?» አለችኝ። «እሱ ሰው ቀስ ይላል እንጂ አይቀርም» አልኳት። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ በር ገባ። ጫማው በእጁ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተውጦ ቀርቶ የመጨረሻውን ሁለት ሰዓት በእግሩ ነው የመጣው። ከደረቱ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ጅማ አንድ የኮሌጅ የሥነ ሕይወት መምህር ፈልጎ አግኝቶ፣ ዛጎሎቹን አሳይቶ፣ ከመጻሕፍት ጋር አመሳክረው፣ የዘሀራ መልስ ስድስቱም ትክክል ነው ብሎ ፈርሞለታል። እኔ ወረቀቱን ሳነብ እሱ ሌላ ወሬ ይዟል፦ «ደምሴ፣ ትልልቆቹን ባለ ነጠብጣብ ዛጎሎች ታውቃለህ? እስከ ዛሬ ከእነዚህ ትንንሾች ጋር በአንድ ወገን ይቆጠሩ ነበር። አሁን ሊቃውንቱ እየለዩዋቸው ነው አሉ። ትንንሾቹ ጎጆ ወጥተዋል! ሰንጠረዤን እንደገና መሣል አለብኝ።» ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ነው ይህን የሚለኝ። ዲሬክተሩ ጋ ግባ ብዬ ገፋሁት።

እኔም ውጤት መዝገቡን ይዤ አብሬው ገባሁ። ዲሬክተሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። «እሺ፣ ለእሷ አራት ነጥብ ጨመርኩ። ስድስቱም አንድ ናቸው ብለው ለጻፉት ተማሪዎችስ? እነሱ ላይ ልቀንስ ነው? ግማሹ ክፍል ይወድቃል።»

«አይቀነስባቸውም» አለ ሽፈራው። «እነሱ የጻፉት እኔ ያስተማርኳቸውን ነው። ተማሪ መምህሩን በማመኑ አይቀጣም። እሳቸውም ዐይናቸውን በማመናቸው አይቀጡም።»

«እና ማን ይቀጣ?»

«እኔ አለሁ አይደል?» አለና ቁጭ ብሎ ደብዳቤውን እዚያው ጻፈ። አራት መስመር ነው። የተሳሳተው ተማሪዋ ሳትሆን መምህሩ ነው፤ ስሕተቱም ከዚህ እስከዚህ ዓመት የዘለቀ ነው ይላል። የዘለቀበትን ዓመት ማንም አልጠየቀውም ነበር። ዲሬክተሩ ፈረመ። እኔ አርባ ሰባትን ሰርዤ ሃምሳ አንድ ብዬ አረምኩ፣ ማኅተም መታሁ፣ ዘሀራ ማስረጃዋን ይዛ ወደ አማን ሮጠች። ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ተመዘገበች።

ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሽፈራውን መዝገብ ቤት ጠራሁትና በሩን ዘጋሁ። ደብዳቤው እጄ ላይ ነው። «ስማኝ» አልኩት። «ሴትየዋ ተመዝግባለች። ነገሩ አልቋል። ይህ ወረቀት ማኅደርህ ውስጥ ባይገባ ማንም አይጠይቀኝም። መሳቢያዬ ውስጥ ይተኛ። ዝም አይነቅዝም።» በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ሐሳብ አቅርቤ አላውቅም፤ ስለምወደው ነው።

አልተቆጣኝም። ደብዳቤውን ከእጄ ወስዶ፣ ከመደርደሪያው ማኅደሩን አውርዶ፣ ራሱ በሽቦው ሰክቶ፣ ቁጥር እንድጽፍበት ሰጠኝ። «ይህ ወረቀት ከወጣ አራቱ ነጥቦች የእኔ ስጦታ ይሆናሉ» አለኝ። «ስጦታ አልሰጠኋቸውም። የራሳቸው ነው የተመለሰላቸው። ይህ የሚታወቀው ወረቀቱ ካለ ብቻ ነው። ጻፍ።» ጻፍኩ።

የክረምት ዲግሪው ዝርዝር ሲመጣ ስሙ የለም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤቱ ወደ መሰናዶ ሲያድግ ዲግሪ የሌለው መምህር እዚያ ማስተማር አይችልም ተባለና ቴፒ፣ ለታችኛው ክፍል ተዛወረ። ካርቶኑን በሲባጎ ሲያስር አብሬው ነበርኩ። «ይቆጭሃል?» አልኩት። ምንም አይደለም እንዲለኝ ነበር የጠበቅኩት። «እንዴት አይቆጨኝም!» አለኝ። «ያንገበግበኛል እንጂ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ባሕር ያላቸው ሰዎች የጻፉትን መጽሐፍ ላነብ ነበር።» ሲባጎውን አጥብቆ ቋጠረ። «ግን ዛሬም ደግሞ ቢመጣ ያንኑ እጽፋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ደምሴ። አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።» እኔ ያን ቀን አለቀስኩ፤ እሱ አላለቀሰም።

የቀብሩ ቀን የቴፒ መኪና ሸኮ ላይ ሲቆም ዘሀራ መንገድ ዳር ቆማለች። ሻሿ ጥቁር ነው። አጠገቤ ተቀመጠች፤ እስክንደርስ ብዙም አልተነጋገርንም። ከአማን ሠልጥና ከወጣች ጀምሮ በገጠር ጤና ኬላዎች ስትሠራ ኖራለች፤ አሁን የሸኮ ሴቶች ሲያምጡ ቀድመው የሚጠሩት እሷን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቡናው ጫካ ውስጥ ስናልፍ፣ «በዓመት ሁለት ጊዜ መምህርን ልጠይቅ ቴፒ እሄድ ነበር። ሁልጊዜ ጥያቄ ነው፤ ታማሚ አይተሽ በምን ለየሽው አይሉኝም፣ በምን ለዩት ነው የሚሉኝ» አለችኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንደርስ ሬሳው ወጥቷል። የቴፒው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ወጣት ሰው ነው፤ ከረቫት አድርጎ፣ የሕይወት ታሪኩን በታይፕ አስጽፎ ይዟል። ሚዛን አብሬው እንደሠራሁ ሲነግሩት «ጋሼ፣ ከማንበቤ በፊት ዓመተ ምሕረቱን ይዩልኝ» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። ዓመተ ምሕረቱ ልክ ነው። በደንብ ተጽፏል። ከታች ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «በረጅም የሥራ ዘመናቸው አንዲት ስሕተት ያልተገኘባቸው።»

«ይህ ይውጣ» አልኩት።

«ለምን? ምርቃት እኮ ነው።»

«ተሳስቷል። እኔ ነኝ ማኅደሩን የያዝኩት፤ ቁጥር ሰጥቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ወጣቱ ግራና ቀኝ አየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ሬሳ ፊት የሰው ስሕተት ይነበባል? ልጆቻቸው ቆመዋል። እንተወው።»

እውነቱን ነው፤ እኛ አገር እንዲህ አይደረግም። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ያዝኩና አመነታሁ። ያኔ ዘሀራ ከኋላዬ መጥታ ወረቀቱን በትከሻዬ በኩል አነበበችው። ርዕሰ መምህሩን ቀና ብላ አየችውና «ወንድሜ፣ ያን ስሕተት ካወጣችሁት እኔ ከየት መጣሁ?» አለችው። ማን እንደሆነች ስለማያውቅ ወደ እኔ ዞረ። ወደ ግቢው በር፣ ሴቶቹ ወደቆሙበት ሄደች።

ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩት። ከላዩ ላይ በእጄ ጻፍኩና መለስኩለት። ርዕሰ መምህሩ ማንበብ ጀመረ፤ የተወለደበትን፣ የተማረበትን፣ ሚዛን የመጣበትን። እኔ የጻፍኩት ጋ ሲደርስ ቆመ። ወደ እኔ አየ። ዞር አላልኩለትም። ከዚያ ድምፁን አነሣ፦

«መምህር ሽፈራው አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪያቸውን በስሕተት ጥለው ነበር። ስሕተቱ የእሳቸው እንደሆነ ሲያውቁ በእግራቸው ጭቃ አቋርጠው አረሙት፤ ዋጋውንም ራሳቸው ከፈሉ።»

አንዳንዱ ሰው በቀብር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ስለማያውቅ ጎረቤቱን ያያል። ዘሀራ ከሴቶቹ መካከል እጇን አወጣች፤ ተማሪ መልስ ሲኖረው እንደሚያወጣው።

«ያቺ ተማሪ እኔ ነኝ» አለች።